ማዘዣ፣ ኅሊናና ሰዓት፦ ፋርማሲስቱ «አልሰጥም» ሲል

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2002 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዘወትር የምትወስደውን የእርግዝና መከላከያ ክኒን ለመውሰድ ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ሄደች። ማዘዣው ትክክለኛ ነበር፤ መድኃኒቱም በመደርደሪያው ላይ ነበር። ተረኛው ፋርማሲስት ግን እምነቱ እንደማይፈቅድለት ጠቅሶ ሳይሰጣት ቀረ። ተማሪዋ ወደ ሌላ መድኃኒት ቤት ብታመራም ችግሩ በዚህ አላበቃም። ሁለተኛው መድኃኒት ቤት ማዘዣው እንዲተላለፍለት ስልክ ሲደውል ያው ፋርማሲስት ማዘዣውን ለማስተላለፍም ፈቃደኛ አልሆነም። ተማሪዋ መድኃኒቱን እስክታገኝ ድረስ መዋጥ የነበረባት ክኒን አመለጣት።

የግዛቲቱ የፋርማሲ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2005 ፋርማሲስቱን ገሠጸ፤ የሥራ ፈቃዱንም ገደበ። ከዚያ በኋላ የትኞቹን መድኃኒቶች እንደማይሰጥና ታካሚዎች በምን መንገድ እንደሚያገኟቸው ለአሠሪው አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ግዴታ ተጣለበት። የይግባኝ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2008 ውሳኔውን በዋና ዋና ነጥቦቹ አጸናው። ልብ ልንለው የሚገባን ነገር ቦርዱ ፋርማሲስቱን «ለምን እምነት ኖረህ» አለማለቱ ነው። ጥፋቱ እርሱ ራሱ ከመስጠት መቆጠቡ ሳይሆን ታካሚዋ ወደ ሌላ በር እንዳትደርስ መንገዱን መዝጋቱ ነበር።

ውድ አንባብያን፣ የፊዚክስ መምህር ስለ መድኃኒትና ስለ ኅሊና ምን አገባው የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጉዳዩ በቁጥር፣ በጊዜና በርቀት የሚለካ ክፍል ያለው መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከገዛ ትዝታችን የሚመነጭ ነው።

ለዶክትሬት ዲግሪ ትምህርት በአሜሪካ በምትገኝ አንዲት አነስተኛ ከተማ በቆየንባቸው ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ላይ በአንድ የክረምት ምሽት፣ አብራን የምትማር የአገራችን ልጅ በራችንን አንኳኳች። የሐኪም ማዘዣ ይዛ ከሄደችበት መድኃኒት ቤት ባዶ እጇን መመለሷን ነገረችን። በከተማዋ ሌላ መድኃኒት ቤት በዚያ ሰዓት ክፍት አልነበረም። በበረዶ መካከል ወደ ጎረቤት ከተማ ስንነዳ ስለ ሃይማኖትም ሆነ ስለ ሕግ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። እርሷ የጠየቀችን ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ትለናለች፤ ጥቂት ቆይታም መልሳ ትጠይቀናለች። እኛም በልባችን ለሁለት ተከፍለን ነበር። ያደግንበት ቤት ያ ፋርማሲስት የሚፈራውን ነገር የሚፈራ ቤት ነበርና እርሱን ልንጠላው አልቻልንም። ነገር ግን የእርሱን ኅሊና ዋጋ እየከፈለች ያለችው አጠገባችን የተቀመጠችው ልጅ መሆኗን ማየትም አላቃተንም። ይህ ጽሑፍ ያ ጉዞ ያልመለሰልንን ጥያቄ ረጋ ብለን ለመመርመር የምናደርገው ሙከራ ነው።

የኅሊና አንቀጽ ከየት መጣ?

«ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም» ብሎ ከሕግ ግዴታ ነፃ መውጣት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ጦር መሣሪያ አልይዝም ያሉትን ሰዎች ነው። በእንግሊዝ አገር ሕግ ግን ይህ ሐሳብ ቀድሞ የገባው በክትባት በኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1898 የወጣው የክትባት ሕግ፣ የፈንጣጣ ክትባት ይጠቅማል ወይም ጉዳት የለውም ብለው የማያምኑ ወላጆች ልጆቻቸውን ከግዴታው የሚያስቀር የምስክር ወረቀት እንዲያገኙ ፈቀደ። የግዴታ ወታደራዊ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1916 ሲታወጅ ተመሳሳይ አንቀጽ ተካተተበት። በዚህኛው ግን ከጦርነት ነፃ የወጡት ብዙዎቹ በምትኩ ሌላ አገልግሎት እንዲሰጡ ይጠበቅባቸው ነበር።

በአሜሪካ የጤና ሙያ ውስጥ የኅሊና አንቀጽ የጎላው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያ ዓመት ውርጃን የሚመለከት ታላቅ ውሳኔ እንደሰጠ ምክር ቤቱ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች በእምነታቸው ምክንያት ውርጃን ወይም ማምከንን እንዲፈጽሙ እንዳይገደዱ የሚከላከል ሕግ አወጣ። በዚያን ጊዜ በሐሳብ የተያዘው በቀዶ ጥገና ክፍል ያለ ሐኪም ነበር። ፋርማሲስቱ ወደ ክርክሩ መሐል የገባው ዘግይቶ ነው፤ ያስገባውም አንድ ትንሽ ክኒን ነበር።

ክኒኑ በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?

ሌቮኖርጀስትሬል ሰውነት በተፈጥሮ የሚያመነጨውን ፕሮጀስትሮን የተባለ ሆርሞን የሚመስል ሰው ሠራሽ ውሕድ ነው። ለድንገተኛ ጊዜ የእርግዝና መከላከያነት የሚወሰደው መጠን 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1999 በሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ፈቀደው። በአገራችን ብዙዎች «ፖስት ፒል» በሚለው የንግድ ስሙ ያውቁታል።

አሠራሩን ለመረዳት የጊዜ ቅደም ተከተሉን ማወቅ ያስፈልጋል። በአንጎል ሥር የምትገኘው የፒቱታሪ ዕጢ በወር አበባ ዑደት አጋማሽ ገደማ ሉቲናይዚንግ የተባለውን ሆርሞን በድንገት በብዛት ትለቃለች። ይህ የሆርሞን ማዕበል ከጀመረ ከአንድ ቀን ወይም ከአንድ ቀን ተኩል ገደማ በኋላ እንቁላል ይወጣል። የወጣው እንቁላል በሕይወት የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው። የወንድ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ዘሩ፣ የሚጠበቀውም እንቁላሉ ነው።

ክኒኑ የሚገባው በዚህ የመጠባበቂያ ጊዜ ውስጥ ነው። የሆርሞኑ ማዕበል ሳይጀምር ከተወሰደ ማዕበሉን ያስቀራል ወይም ያዘገያል፤ እንቁላሉ ሳይወጣም የዘሩ ዕድሜ ያበቃል። ማዕበሉ ከተነሣ በኋላ ከተወሰደ ግን የሚፈይደው እጅግ ጥቂት ነው። ቀደም ሲል ለተጀመረ እርግዝና ምንም አያደርግም።

እዚህ ላይ የክርክሩን ቁልፍ እናገኛለን። የብዙ ፋርማሲስቶች ተቃውሞ «ይህ ክኒን የተፀነሰው እንቁላል በማሕፀን ግድግዳ ላይ እንዳይተከል ያደርጋል፤ ስለዚህ የተጀመረን ሕይወት ያቋርጣል» የሚል ነበር። ሐሳቡ ከሜዳ የተነሣ አልነበረም፤ የመድኃኒቱ ይፋ መግለጫ ራሱ እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር እንደሚችል ይጠቅስ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ሴቶቹ ክኒኑን የወሰዱበትን ቀን እንቁላል ከወጣበት ቀን ጋር በሆርሞን ልኬት አነጻጽረው ሲመለከቱ፣ እንቁላል ከወጣ በኋላ የወሰዱት ምንም እንዳልወሰዱ ያህል ሲያረግዙ ተገኙ። ክኒኑ መተከልን የሚከለክል ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። አስተዳደሩም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 መግለጫውን አርሞ መድኃኒቱ የሚሠራው በዋነኛነት እንቁላል እንዳይወጣ በማድረግ መሆኑን፣ በመተከል ላይም ተጽዕኖ እንደሌለው አስታወቀ። የመጀመሪያው ፈቃድ ከተሰጠ 23 ዓመታት አልፈው ነበር።

ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት እምቢ ያሉትን ፋርማሲስቶች አላዋቂዎች ብሎ መክሰስ ፍትሐዊ አይሆንም፤ መግለጫውን አንብበዋልና። ነገር ግን ኅሊና የሚፈርደው በቀረበለት ማስረጃ መሆኑን ከዚህ እንማራለን። ማስረጃው ሲለወጥ ፍርዱን እንደገና ማየት የኅሊና ድክመት ሳይሆን የኅሊና ሥራ ነው።

ሳይንስ ሁሉንም ይፈታል ማለታችን ግን አይደለም። ሳይንስ የትኛው ክስተት ከየትኛው እንደሚቀድም ይነግረናል፤ የትኛው ክስተት ምን ያህል ክብር እንደሚገባው ግን በማይክሮስኮፕ አይታይም። የእርግዝና መከላከያን በጠቅላላ ኃጢአት ነው ብሎ ለሚያምን ሰው መተከል ተከለከለ አልተከለከለ ለውጥ አያመጣም። የዊስኮንሲኑ ፋርማሲስት የከለከለውም የድንገተኛውን ሳይሆን መደበኛውን ክኒን ነበር።

ሰዓቱ ሲቆጠር

የዓለም ጤና ድርጅት ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ሰፊ ጥናት ሌቮኖርጀስትሬልን ቀድሞ ከነበረው የሆርሞን ቅይጥ ጋር አወዳድሮ ነበር። ሌቮኖርጀስትሬል ከወሰዱት 976 ሴቶች ያረገዙት 11 ብቻ ሲሆኑ፣ ቅይጡን ከወሰዱት 979 ሴቶች ግን 31 አረገዙ። ከሁሉ ይልቅ ለርዕሳችን የሚጠቅመው የጊዜው ዝርዝር ነው። ክኒኑ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሲወሰድ ሊከሰቱ ይችሉ ከነበሩት እርግዝናዎች 95 በመቶውን፣ ከ25 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ 85 በመቶውን፣ ከ49 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ 58 በመቶውን መከላከል ችሏል።

እነዚህን ቁጥሮች በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። 95 በመቶ ማለት ከ100 ሴቶች 95ቱ ክኒኑ ባይኖር ኖሮ ያረግዙ ነበር ማለት አይደለም። ምንም ባይወሰድ በዚያ ጥናት ይጠበቅ የነበረው ከ100 ሴቶች 7 ወይም 8 ያህሉ እንዲያረግዙ ነበር፤ መቶኛው የተሰላው ከእነዚህ ነው። ከጥናት ጥናትም ቁጥሮቹ ይለያያሉ። አቅጣጫው ግን አንድ ነው፤ ቀድሞ መውሰድ ይሻላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ ያለፈ ሰዓት የሆርሞኑ ማዕበል የመነሣቱን ዕድል ይጨምራል።

እንግዲህ «ነገ ሌላ ቦታ ሞክሪ» የሚለው መልስ ምን ማለት እንደሆነ እናስብ። ለማሳከኪያ ቅባት ቢሆን አንድ ቀን መዘግየት ከመሰላቸት አያልፍም። ለዚህ መድኃኒት ግን መዘግየት ራሱ የመከልከል ከፊል ነው። ርቀትም እንዲሁ ወደ ሰዓት ይመነዘራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በሚኔሶታ ግዛት አንዲት እናት በአነስተኛ ከተማዋ መድኃኒቱን ተከልክላ በበረዶ ውስጥ ደርሶ መልስ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነድታ ነበር ያገኘችው፤ ጉዳዩም ለዓመታት በፍርድ ቤት ሲታይ ቆይቷል። መኪናም የነዳጅ ገንዘብም ባይኖራት ኖሮስ?

ሞለኪውል ዓላማ የለውም

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒት ለአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች፣ ለአንጓ ብግነትና ከማሕፀን ውጭ ለተፈጠረ እርግዝና ሕክምና ይሰጣል። ሚሶፕሮስቶል በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 የተፈቀደው የሕመም ማስታገሻዎች የሚያስከትሉትን የጨጓራ ቁስለት ለመከላከል ነበር፤ ከወሊድ በኋላ የሚፈጠርን የደም መፍሰስ ለመግታትም ይውላል፤ ውርጃ ለመፈጸምም ያገለግላል። አንድ ሞለኪውል፣ ብዙ ሥራ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጁን 2022 የ1973ቱን ውሳኔ ከሻረ በኋላ፣ የአንጓ ብግነት ያለባቸው አንዳንድ ሴቶች ለዓመታት ሲወስዱት የነበረውን ሜቶትሬክሴት ለማግኘት እንደተቸገሩ ተዘገበ። ፋርማሲስቶቹ ያመነቱት ከፊሎቹ በኅሊና፣ ከፊሎቹ ሕግን በመፍራት ነበር። የአገሪቱ የጤና ሚኒስቴር በቀጣዩ ወር 60,000 ለሚሆኑ መድኃኒት ቤቶች ግዴታቸውን የሚያስታውስ መመሪያ አወጣ። ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ፤ በመስኮቱ በኩል የሚታየው የመድኃኒቱ ስም እንጂ የታካሚው ታሪክ አይደለም። በስሙ ብቻ የሚፈርድ ኅሊና ሊጠብቀው ያሰበውን ሳይሆን ሊጎዳው ያላሰበውን ሰው ሊያገኝ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ግልጽ እናድርግ። ፋርማሲስት መጠኑ ከበዛ፣ ሁለት መድኃኒቶች የሚጋጩ ከሆነ፣ ወይም ማዘዣው ሐሰተኛ ከመሰለው አለመስጠት ይችላል፤ እንዲያውም ግዴታው ነው። ያ እምቢታ የሚመነጨው ከሙያው ነው፤ የሚጠብቀውም ታካሚውን ነው። እኛ የምንነጋገርበት እምቢታ የሚጠብቀው ራሱን ፋርማሲስቱን፣ ይኸውም የነፍሱን ሰላም ነው። ይህም የተናቀ ነገር አይደለም፤ ግን ከመጀመሪያው የተለየ ነው።

ሕጎቹ ምን መፍትሔ ሞከሩ?

የአሜሪካ ፋርማሲስቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው አቋም ፋርማሲስቱ በኅሊናው ምክንያት የመቆጠብ መብት እንዳለው ተቀብሎ፣ ታካሚው መድኃኒቱን የሚያገኝበት ሥርዓት እንዲዘረጋም ደገፈ። ሁለቱን በአንድነት መፈጸም ግን ቀላል አልሆነም። የኢሊኖይ ገዥ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 መድኃኒት ቤቶች የእርግዝና መከላከያን ሳይዘገዩ እንዲሰጡ የሚያስገድድ ደንብ አወጡ፤ ፍርድ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 ለተቃወሙት ባለመድኃኒት ቤቶች ፈረዱ። የዋሽንግተን ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ሌላ መንገድ ያዘ፤ ግለሰቡ ፋርማሲስት ሥራውን ለባልደረባው አሳልፎ መቆጠብ ይችላል፤ መድኃኒት ቤቱ ግን እንደ ተቋም መድኃኒቱን ማቅረብ አለበት። የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ደንቡን አጸና፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2016 ጉዳዩን አላይም አለ፤ ሦስት ዳኞች ግን አለመስማማታቸውን በጽሑፍ ገለጹ።

በአውሮፓም የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 የሁለት ፈረንሳውያን ባለመድኃኒት ቤቶችን አቤቱታ ሳይቀበል ቀረ። ምክንያቱም መድኃኒቱ የሚገኘው በማዘዣ ከመድኃኒት ቤት ብቻ በመሆኑ ባለቤቶቹ እምነታቸውን በሌሎች ላይ መጫን አይችሉም፤ እምነታቸውን ከሥራቸው ውጭ በብዙ መንገድ ሊገልጹ ይችላሉ የሚል ነበር።

ከሕግ ክርክሩ ሁሉ ይልቅ ግጭቱን ያቀለለው ግን አንድ አስተዳደራዊ ርምጃ ሳይሆን አይቀርም። ክኒኑ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ያለ ማዘዣ ተፈቀደ፤ በ2013 ደግሞ የዕድሜ ገደቡ ተነሥቶ ከመስኮቱ ኋላ ወደ ክፍት መደርደሪያ ወጣ። በመካከል የሚቆም ሰው በሌለበት ማንም ኅሊናውን እንዲጥስ አይጠየቅም፤ ማንም በር አይዘጋበትም። ቢሆንም መደርደሪያው ላይ ያላስቀመጠው መድኃኒት ቤት እስካለ ድረስ ጥያቄው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

ከፊዚክስ ሰፈር የተገኘ ምሳሌ

የእኛም ሙያ የኅሊና ታሪክ አለው። ጆሴፍ ሮትብላት የአቶም ቦምብ በሚሠራበት ፕሮጀክት ውስጥ ይሠራ የነበረ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ጀርመን ቦምቡን እየሠራች አለመሆኗ በታወቀ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ፣ ሥራውን ትቶ ወጣ፤ ቀሪ ዘመኑን የኑክሌር መሣሪያን በመቃወም አሳልፎ በ1995 የሰላም ኖቤል ሽልማትን ተቀበለ። ሊዘ ማይትነርም በቦምቡ ሥራ እንድትሳተፍ ስትጠየቅ አልተቀበለችም። እነርሱን የምናከብር ከሆነ «ኅሊናዬ አይፈቅድም» የሚለውን ፋርማሲስት በችኮላ ልንሳለቅበት አይገባም። የአሜሪካ ፋርማሲስቶች ማኅበር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2015 አባላቱ በሞት ቅጣት አፈጻጸም ውስጥ እንዳይሳተፉ ሲመክር ብዙዎች አመስግነውታል። ኅሊናን የምናወድሰው ከእኛ ጋር ሲስማማ ብቻ ከሆነ ያወደስነው የራሳችንን አስተያየት ነው።

ነገር ግን ልዩነቱን እንመልከት። ሮትብላት ሲወጣ ዋጋውን የከፈለው ራሱ ነው፤ በጥርጣሬ ታይቷል፤ የሥራ ዘርፉንም ወደ ሕክምና ፊዚክስ ለውጧል። በእርሱ መውጣት ምክንያት መስኮት ፊት ቆሞ የሚጠባበቅ ታካሚ አልነበረም። ፋርማሲስት ግን መንግሥት ለሌሎች ያልፈቀደውን ቁልፍ የያዘ ሰው ነው። ፈቃድ ያለው እርሱ ብቻ ስለሆነ በሩን ሲዘጋ ሌላ ሰው ሊከፍተው አይችልም። ብቸኛ ሥልጣን ባለበት ሁሉ ብቸኛ ኃላፊነት ይከተላል።

በአገራችን

ጉዳዩ የባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። በአገራችን በ2006 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 299 የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ደንብ የጤና ባለሙያ የእርግዝና መከላከያን፣ ሕጋዊ ውርጃንና ደም መስጠትን የመሳሰሉ አገልግሎቶችን በግል እምነቱ ምክንያት ከመስጠት እምቢ እንዳይል ደነገገ። ይህ ከአሜሪካዎቹ ሕጎች ሁሉ የጠነከረ ቃል ነው፤ የግለሰቡን የኅሊና ጥያቄም ያለ መሸጋገሪያ ይዘጋዋል። የደንቡን አስተሳሰብ ለመረዳት ግን ከአዲስ አበባ ወጣ ማለት ይበቃል። አንድ የገጠር መድኃኒት ቤት ብቻ ባለበት ወረዳ «ሌላ ቦታ ሞክሪ» ማለት በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ማለት ሊሆን ይችላል።

በመጽሔታችን አንባብያን መካከል ነገ በዚያ መስኮት ኋላ የምትቆሙ የፋርማሲ ተማሪዎች እንደምትገኙ እናውቃለን። እኛ በበኩላችን የደረስንበት አቋም የሚከተለው ነው። የግለሰቡ ኅሊና ሊከበር ይገባል፤ ክብሩ የሚጸናው ግን ባለቤቱ ራሱ ዋጋውን ሲከፍል ነው። ስለዚህ ሊቆጠብ የሚፈልግ ባለሙያ በመጀመሪያ መድኃኒቱ በእርግጥ ምን እንደሚሠራ ከዘመኑ ማስረጃ ይወቅ። ቀጥሎም ታካሚዋ መስኮቱ ፊት ከመቆሟ በፊት፣ ሲቀጠር፣ ለአሠሪው ይናገር፤ በእርሱ ፈንታ የሚሰጥ ባልደረባ በፈረቃው መኖሩንም ያረጋግጥ። ይህ በማይቻልበት ብቸኛ መድኃኒት ቤት ውስጥ ደግሞ ሊመርጥ የሚገባው ሌላ የሥራ ቦታን እንጂ የታካሚዋን መመለስ አይደለም። ይህ ከባድ መሆኑን አንክድም። ሮትብላት የመረጠውም ቀላሉን አልነበረም።

በዚያች የክረምት ምሽት የጎረቤት ከተማው መድኃኒት ቤት ሊዘጋ 20 ደቂቃ ሲቀረው ደረስን። በመስኮቱ ኋላ የነበሩት አዛውንት ማዘዣውን ተቀብለው አነበቡ፤ መድኃኒቱንም ሰጧት፤ እንዴት እንደምትወስደውም አስረዷት። እርሳቸው ስለዚህ ጉዳይ በልባቸው ምን ያስቡ እንደነበር አናውቅም፤ አልጠየቅናቸውም፤ እርሳቸውም አልነገሩንም። ስንመለስ ግን ልጅቱ ሰዓቱን አልጠየቀችንም።

ቸር ይግጠመን።